የሕንፃ ፎቶግራፍ አንሺ መሆን ለምትፈልጉ ወገኖቼ

ቺካጎ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከእነዚህም አሥራ አምስቱን ሕንፃ ፎቶግራፍ በማንሳት ኖሬያለሁ። ከአገር ቤት የሚመጡ ወጣቶች «ጋሼ፣ ይህን ሥራ እንዴት ልጀምር?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴ ለስላሳ አይደለምና ታገሡኝ።

1. ስለ ወረቀቱ። በአሜሪካ ሕግ ከአደባባይ የሚታይን ሕንፃ ፎቶ ማንሳት የአርክቴክቱን የቅጂ መብት አይነካም፤ ግቢ ለመግባት ግን የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

2. ስለ መሣሪያው። የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ሳትቀበሉ ቲልት ሺፍት ሌንስ በዱቤ የምትገዙ ታሳዝኑኛላችሁ። ካሜራውን ወደ ላይ ስታቀኑት የሕንፃው ቋሚ መስመሮች ጫፋቸው እየተጠጋጋ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ያ ሌንስ ይህን ያስተካክላል። ነገር ግን ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ካሜራውን በመቆሚያው ላይ ውኃ ልኩን ጠብቆ አንስቶ፣ ከሥር የተረፈውን አስፋልት ቆርጦ መጣልም ያስተካክለዋል፤ ዋጋውም ትዕግሥት ብቻ ነው።

3. ስለ ፍቅሩ። ሀንጋሪ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረው ፎቶግራፍ አንሺ ሉሲየን ኤርቬ እንደ እኛ ስደተኛ ነበር። በ1949 እ.ኤ.አ. ዕውቁ አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ ማርሴይ ላይ የሚያሠራውን የመኖሪያ ሕንፃ ሊያይ ሄዶ በአንድ ቀን 650 ፎቶ አነሳ፤ አርክቴክቱም ፎቶዎቹን አይቶ የራሱ አንሺ አደረገው። እናንተ ግን አንድ ሕንፃ ፊት ሩብ ሰዓት ሳትቆሙ «ስሜት አልሰጠኝም» ትላላችሁ።

ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ያደግሁት አዳማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ አባቴ ከምድር ባቡር ደመወዙ እያጠራቀመ ባሠራው የጭቃ ቤት ነው። እናቴ ረከቦቷን በታኅሣሥ ከሰሜኑ በረንዳ ትዘረጋና ሰኔ ሲገባ በደቡብ በኩል ወዳለው ጓሮ ታዛውረዋለች፤ እኛም እንደ አመል እንቆጥርባት ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ቺካጎ ላይ የፀሐይን መንገድ ለሥራዬ ሳጠና ነው። እዚህ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስትውል፣ ከምድር ወገብ ስምንት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ የምትርቀው አዳማ ላይ ግን በሰኔ ወደ ሰሜን ታልፋለች። እናቴ ቤቱን ከእኔ በላይ ታውቀው ነበር።

ያንን ቤት ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጎረቤት ሁሉ ፎቅ ሲሠራ ስሜ የሚጠፋ መስሎኝ ሀዋላ ልኬ «አፍርሱት» አልኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለሠርግ ሄጄ ጥሩ ካሜራዬን ይዤ ሁለት ሳምንት ከርሜበታለሁ፤ የጭቃ ቤት ማንሳት አፍሬ አንድም ጊዜ ሌንሴን ወደ እርሱ አላዞርኩም። ዛሬ በቦታው ሰማያዊ መስታወት የለበሰ፣ በረንዳ የሌለው ጂ ፕላስ ሁለት ቆሟል፤ ተከራዮቹም ሙቀቱን ሽሽት ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ዘግተው ይውላሉ። ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት ሄዳችሁ አንሱ፤ በሩን፣ የተላጠውን ምርግ፣ አቡጀዲ ኮርኒሱን ሳይቀር።

እኔ ያለኝ ወንድሜ ቤቱ በፈረሰ ቀን በስልኩ ያነሳው አንድ ፎቶ ነው። ከክምሩ በስተግራ የበረንዳው ምሰሶ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ ሰኔ ስለነበር ፀሐይ በሰሜን ጎኑ አርፋበታለች።