የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንት ሰው?

ውድ ወጣት ሠዓልያን፣

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዷ፣ ስለ ጣና ሐይቅ የእምቦጭ አረም የሕፃናት መጽሐፍ የምትሥል ልጅ፣ «ጋሼ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንት ሰው ልሣል?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአንድ የሥዕል መጽሐፍ ብዬ ወደ ደምቢያ ዳርቻ ወረድኩና 3 ቀን ሰነበትኩ። ወንዱም ሴቱም እስከ ወገቡ ውኃ ገብቶ አረሙን በእጁ ይነቅላል፤ ዳር ያሉት እየተቀባበሉ ይከምራሉ፤ ሽማግሌዎች እንዲደርቅ በመንሽ ያገላብጣሉ። አንዲት እናት ከእግሯ አልቅት እያላቀቀች ትስቃለች። ደንገል ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባትም ነበሩ፤ እጃቸውን ብቻ ለመሣል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ በዕድሜዬ ከሣልኳቸው እጆች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። በአንድ ገጽ ላይ 34 ሰው ሣልኩ፣ አንዱ ፊት ከሌላው የማይመሳሰል።

አሳታሚው «ሕፃን ይህን ሁሉ ሰው አይለይም፤ አንድ ጀግና ልጅ ይበቃል» አለኝ። ገንዘቡ ያስፈልገኝ ነበርና እሺ አልኩ። ሰዎቹን አውጥቼ ቀይ ሹራብ የለበሰ አንድ ልጅና የጠራ ሐይቅ ሣልኩ። ሐይቁ ግን አልጠራም፤ አረሙ በክረምቱ ተመልሶ መጥቷል።

መጽሐፉ ሲታተም ወደዚያው መንደር ይዤው ሄድኩ። የ7 ዓመት ገደማ ልጅ የመጨረሻውን ገጽ አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን ፈለገች፣ ከዚያ «እናቴስ?» አለችኝ። እናቷ የትኛዋ እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም። ለዓመታት አሳታሚውን ስወቅስ ኖሬአለሁ፤ እርሳሱን የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ።

የእናንተ ቀለም ከእኛ ዘመን የተሻለ ነው። ሐይቁን ግን ከስልክ ላይ እያያችሁ ትሥላላችሁ፤ ስለዚህ እምቦጩ ያምራል። ሐምራዊ አበባው በእርግጥም ውብ ነው፤ ሕፃኑ ግን ገጹን ሲያይ ደጁ ላይ ሊተክለው ይመኛል። አየር የሞላበትን፣ ያበጠውን የቅጠል ዘንግ ሣሉ፤ የሚንሳፈፈው በእሱ ነው። ውኃ ውስጥ የቀረች ቁራጭ እንደገና ስትራባም አሳዩ። የሕፃናት መጽሐፍ ትምህርት ቤት አይሁን እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ተከራክሬአለሁ፤ ይህን ግን ያስተምር።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ 34ቱ ያሉበት ንድፍ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ መጥተሽ ውሰጂው።