በአግዳሚው ላይ የታተመው ቁጥር ምንድን ነው?

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንባቢያችን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ ቤት ገዝተዋል። ደላላው «የሲርስ ቤት ነው» ብሏቸዋል፤ ሲርስ ሮቡክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በካታሎግ የሸጠው ቤት ነው ማለቱ ነው። በምድር ቤቱ በኩል ከሚታዩት የወለል አግዳሚዎች የአንዱ ጫፍ በስብሷል፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ «ሲ 743» የሚመስል ማኅተም አለ። የበሰበሰውን አውጥተው፣ የቀሩትን ፍቀው ቀለም መቀባት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

እባክዎ ማኅተሙን አይፍቁት። ሲርስ ሮቡክ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1940 ድረስ 70 ሺህ ያህል ቤቶችን በካታሎግ ሸጧል። በልኩ የተቆረጠ ቤት ያዘዘ ደንበኛ እንጨቱን ከበሩ፣ ከመስኮቱና ከምስማሩ ጋር በባቡር ፉርጎ ይረከብ ነበር፤ ማኅተሙም አናጢው ከፕላኑ ጋር እያመሳከረ እያንዳንዱ እንጨት የሚገባበትን ቦታ እንዲያውቅ የተደረገ ነው። የኩባንያው የሽያጭ መዝገብ ስለጠፋ ቤቱ ራሱ ዋናው ምስክር ነውና፣ እንዲህ ያለው ምልክት በቀለም ሲሸፈን ሳይ ከልብ አዝናለሁ።

ይሁን እንጂ ማኅተም ብቻውን ሲርስን አያረጋግጥም። የሚሺጋኑ አላዲንና የአዮዋው ጎርደን ቫን ታይን የተባሉት ኩባንያዎችም በዚሁ መንገድ ቤት ይሸጡ ስለነበር፣ የቤቱን የውጭ ልክና የክፍሎቹን አቀማመጥ በዘመኑ ካታሎጎች ካሉት ፕላኖች ጋር ያነጻጽሩ። ሲርስ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ለገዢዎች ብድር ይሰጥ ስለነበር፣ በካውንቲው የመሬት መዝገብ ውስጥ የቤቱን የቀድሞ ብድር ውል መፈለግም ይጠቅማል።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ አግዳሚውን ከማውጣት ይልቅ በጎኑ አዲስ ጣውላ ደርቦ በቡሎን ማሰር ይሻላል፤ ማውጣቱ ከላይ ያለውን ወለል ያናጋል። አስቀድመው ግን ጫፉ በግድግዳው ላይ ከሚያርፍበት ቦታ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ፈልገው ያስቁሙ፤ ይህ ካልሆነ አዲሱም ይበሰብሳል። ዛሬ 2 በ8 ተብሎ የሚሸጠው ጣውላ በትክክል ሲለካ 1½ በ7¼ ኢንች ሲሆን፣ የዚያ ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል፤ ስለዚህ ነባሩን በሜትር ለክተው፣ ልዩነቱን ከአዲሱ ጣውላ ጫፍ ሥር በጠንካራ ማስተካከያ (ስስ ሽብልቅ) ይሙሉት። የረገበ ወለል ካለ በክሪክ ሲያነሡት በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀናት ልዩነት ይሁን፤ በችኮላ ከተነሣ ከላይ ያለው የግድግዳ ልስን ይሰነጠቃል።