ትንሿ ኤፍ ለምን እምቢ አለች?

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛን ፊደላት በከርሲቭ፣ ማለትም እያያያዙ መጻፍ በራሴ እየተለማመድኩ ነው። ሌሎቹ ቀስ በቀስ መልክ እየያዙ ሲመጡ ትንሿ ኤፍ ግን እምቢ አለችኝ። አንዳንዴ ቢ ትመስላለች። ቃል ውስጥ ስትገባማ ይብስባታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኤፍ ቢያስቸግርዎ አይግረምዎ። በተለመደው ከርሲቭ ከትንንሾቹ ፊደላት መካከል ከላይም ከታችም ቀለበት ያላት እሷ ብቻ ናት። ኤል፣ ኤች እና ኬ ቀለበታቸው ከላይ ነው፤ የጂ፣ የጄ እና የዋይ ደግሞ ከታች።

ባለ አራት መስመር ደብተር ይውሰዱ። ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛው ፊደላቱ የሚቀመጡበት መስመር ነው። እስክሪብቶውን እዚያ ያሳርፉና ወደ ቀኝ እያጋደሉ እስከ አንደኛው መስመር ይውጡ። ጫፍ ላይ ወደ ግራ ይዙሩ፤ ከዚያ ሳይጎብጡ ቁልቁል ይሳቡ። ሲወርዱ የወጡበትን ጭረት በሁለተኛው መስመር አካባቢ ያቋርጡታል። ሦስተኛውን አልፈው አራተኛው ላይ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ይታጠፉ፣ ወደ ላይ ይመለሱ፣ ልክ ሦስተኛው መስመር ላይ ቁሙን ጭረት ይንኩና እስክሪብቶውን ሳያነሱ ወደ ቀኝ ይውጡ። ቀለበቶቹ ጠበብ ይበሉ፤ እንደ መርፌ ዓይን ብርሃን ካሳዩ ይበቃል።

ቢ የምትመስልበት ምክንያት መዝጊያዋ ነው። የታችኛው ቀለበት ሦስተኛው መስመር ላይ መዘጋቱ ቀርቶ ወደ ሁለተኛው ከተጠጋ ከመስመሩ በላይ ሆድ ታወጣለች፤ አንባቢም ቢ ብሎ ያነባታል። ሌላው የተለመደ ስህተት የታችኛውን ቀለበት ወደ ግራ ማዞር ነው። ጂ እና ዋይ ወደ ግራ ስለሚዞሩ እጅ በልማድ ይከተላቸዋል፤ ኤፍ ግን እንደ ኪው ወደ ቀኝ ነው የምትዞረው።

ቁሙ ጭረት ከጎበጠ ጥፋቱ የዓይን ሳይሆን የእጅ አንጓ ነው። አንጓው ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ጣት ብቻ ሲሠራ፣ ለዚህ ርዝመት የጣት እንቅስቃሴ አይበቃምና መስመሩ ቅስት ይሆናል። ክንድዎ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ይንሸራተት። በቀኝ እጅ የሚጽፉ ከሆነ ወረቀቱን በግምት 30 ዲግሪ ወደ ግራ፣ ግራኝ ከሆኑ ወደ ቀኝ ያጋድሉት።

ቃል ውስጥ ሲሆን አስቸጋሪው ከኦ በኋላ ስትመጣ ነው፤ «ኦፍ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይሞክሩት። ኦ የምትጨርሰው ከላይ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ከዚያ እስከ ሦስተኛው ከወረዱ ኦ ወደ ኤ ትለወጣለች። ስለዚህ መገናኛውን በትንሹ ብቻ ዝቅ አድርገው በቀጥታ ወደ ኤፍ የላይኛው ቀለበት ይውጡ። «ኦፊስ» በሚለው ቃል ሁለቱ ኤፎች ሲከታተሉ ደግሞ ዋናው ነገር ቁም ጭረቶቻቸው እኩል ማጋደላቸው ነው። ማስመሪያ ቢያስደግፉባቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ጥያቄ፦ በኅትመት ኤፍ ላይ ያለው አግዳሚ ጭረት በከርሲቭ የት ገባ?

መልስ፦ በዚህ አጻጻፍ የለም። ቀለበቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ተዘግቶ ወደ ቀኝ የሚወጣው ጭረት በቂ መለያ ነው። የታችኛውን ቀለበት ትተው አግዳሚ የሚጨምሩ አጻጻፎችም አሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ እንጂ አይደባልቁ።

ጥያቄ፦ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፣ መጨረሻ ላይ ግን ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ለምን?

መልስ፦ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ የሚገለብጡት ናሙናውን መሆኑ ቀርቶ የራስዎን ያለፈ ፊደል ነው፤ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል። አንድ ረድፍ ላይ አምስት ወይም ስድስት ብቻ ይጻፉ፣ ከሁሉም የተሻለችውን ያክብቡ፣ ቀጣዩን ረድፍ እሷንና ናሙናውን እያዩ ይጀምሩ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ እጅ ሲዝል ቀድሞ የሚበላሸው የታችኛው ቀለበት ስለሆነ እሱ መስፋት ሲጀምር እስክሪብቶውን ያስቀምጡ።