«ሊቭ» እና ቻይንኛ ተናጋሪዎች

ጥያቄ፦ ለቻይናውያን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «ሊቭ ሻንግሃይ» (leave Shanghai) እና «ሊቭ ፎር ሻንግሃይ» (leave for Shanghai) የሚሉትን ዘወትር የሚያምታቱት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ከሻንግሃይ መነሣት፣ ሁለተኛው ወደ ሻንግሃይ ለመሄድ መነሣት ነውና በአንዲት «ፎር» አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ቻይንኛ ግን ለመልቀቅ «ሊካይ»፣ ወደ አንድ ስፍራ ለመሄድ «ቹ» የሚሉ የተለያዩ ግሦች ስላሉት ተማሪዎችዎ ልዩነቱን ከመስተዋድድ አይጠብቁትም። በእኔ ግምት የባሰው ችግር ግን ያው «ሊቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ መተውንም መግለጹ ነው፦ ቁልፍን ቤት ረስቶ መውጣት በቻይንኛ «ዋንግ»፣ ማለትም መርሳት ሲሆን፣ መልእክት ትቶ መሄድ «ሊዮው» ነው፤ ይኸው «ሊዮው» ደግሞ ስለ ሰው ሲነገር አለመሄድን፣ ባሉበት መቅረትን ያመለክታል። ከሥራ ለመቅረት ከአለቃ የሚጠየቀው ፈቃድም «ሊቭ» መባሉን ለብቻው፣ «ጂያ» ከሚለው ቃላቸው ጋር ቢያስጠኗቸው ይሻላል።