ከምራቁ በፊት አፉን እዩ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ላቦራቶሪ ለገባችሁና የቆዳ ሕክምና መማር ለጀመራችሁ ነው። ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዷ ደውላልኝ ነበር። «የቆዳ በሽታን በምራቅ መለየት ይቻላል? የመመረቂያ ጽሑፌን በሱ ላይ ልሠራ ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ። መልሱ ግን በአንድ ስልክ የሚያልቅ አልሆነም።

ምራቅ እኛ ዘንድ ቦታ አለው። ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ ብሎ ይመርቃል። የሰከነውን ሰው «ምራቁን የዋጠ» እንለዋለን። እናቴ ጭርት ሲወጣብን፣ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ በምራቋ ትቀባን ነበር። ጭርቱ በዚያ አልለቀቀንም፤ የእጇ ልስላሴ ግን ዛሬም ትዝ ይለኛል። ያኔ ምራቅ ወደ ቆዳ ይሄድ ነበር። አሁን ደግሞ ቆዳ ወደ ምራቅ ምን እንደላከ እንጠይቃለን።

ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ከመቶው 99 እጁ ውሃ ነው። በቀረችው ጥቂት ውስጥ ግን ብዙ ወሬ አለ። ሶሪያሲስ ቆዳን የሚያወፍርና የሚያቀርፍ፣ ቶሎ የማይለቅ በሽታ ነው፤ የታማሚው ቁስል ክርኑና ጉልበቱ ላይ ቢታይም ብግነቱ ቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም። ሳይቶካይን የሚባሉት የሕዋስ መልእክተኞች በደሙ ይዞራሉ፤ ጥቂቱ ወደ ምራቅ ያልፋል። ከነዚህ መልእክተኞች ሁለቱ፣ ኢንተርሊውኪን-1 ቤታና ቲኤንኤፍ-አልፋ፣ በታማሚዎቹ ምራቅ ውስጥ ከጤነኞች ከፍ ብለው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ። መርፌ የለውም፣ ሕፃን አያስለቅስም፣ ገጠር ጤና ጣቢያም ሊወሰድ ይችላል። ልብ የሚማርከውም ለዚህ ነው።

ግን ተጠንቀቁ። ድድ ላይ ጠረግ አድርገን ኤች አይ ቪን የምንመረምርበትን ኪት ታውቁታላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ፈቀደችው፤ እኛም አገር ሰው ራሱን ይመረምርበታል። እሱ የሚፈልገው ለዚያ ቫይረስ ብቻ የሚሠራ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ኢንተርሊውኪን-1 ቤታ እንደዚያ አይደለም። እሱ ጭስ ነው። የማን ጎጆ እየተቃጠለ እንደሆነ አይነግራችሁም። ለምራቅ ደግሞ የቅርቡ ጎጆ ድድ ነው።

ይህን የተማርኩት ከስህተቴ ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም፣ ሳይቶካይን በምራቅ ስለካ የአንድ ታማሚ ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሆኖ ወጣ። ሰውየው ቆዳው ክፉኛ የተጎዳ ስለነበር ነገሩ ገጠመልኝ። ናሙናውን የወሰደችው ነርስ መጣችና «ጋሼ፣ ቱቦውን ብርሃን ላይ አይተውታል?» አለችኝ። መስኮቱ ጋ ወስጄ ያዝኩት። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ሮዝ ያደላ ነበር። እሷ ጠይቃዋለች። ጠዋት በአዲስ የወይራ መፋቂያ ሲፍቅ ድዱ ደምቷል። ድዱ ድሮም ያበጠ ነበር። ድዱን ታክሞ ከወር በኋላ ሲመለስ ቆዳው እንደ ድሮው ነው፤ ቁጥሩ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። እኔ ቆዳውን ስለካ የከረምኩ መስሎኝ ድዱን ነበር የለካሁት።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ቱቦ ከመስጠታችሁ በፊት አፉን አስከፍቱና እዩ። ምግብና ቡና ከቀመሰ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፈው። በውሃ ይጉመጥመጥና አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። «ትፋ» አትበሉት፤ አንገቱን ደፋ ያድርግ፣ ምራቁ ራሱ ይውረድ። ቱቦው በረዶ ላይ ይቀመጥ፣ ሳይውል ሳያድር ሴንትሪፊውጅ (አሽከርክሮ የሚያጠልል መሣሪያ) ገብቶ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይደር። ሰዓቱን ጻፉ። ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን የምትለኩ ከሆነማ ሰዓት የሌለው ናሙና ዋጋ የለውም፤ ከእንቅልፍ በነቃን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከፍ ይላል፣ ማታ ይወርዳል።

ጾም ላይ መሆኑንም ጠይቁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ያልቀመሰ ሰው ምራቁ ጥቂትና ወፍራም ነው። ጫትም ጠይቁ። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ የራሳችንን መድኃኒት ነው። ለማሳከክ የምናዝዛቸው አንዳንድ የአለርጂ ክኒኖች አፍ ያደርቃሉ።

ሌላም አለ። ሰው ፊት ለሃጭ ማዝረክረክ ያሳፍራል። አንዲት እናት ቱቦውን ተቀብለው ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩ። እምቢ አላሉም፣ እሺም አላሉም። መጋረጃ ዘግተን ስንወጣ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው በአምስት ደቂቃ ሞሉት። ቦታ ስጧቸው።

ተስፋዬን ከጠየቃችሁኝ ፔምፊገስ ቩልጋሪስ በሚባለው፣ አፍንና ቆዳን ውሃ በሚያስቋጥረው በሽታ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአፍ ይጀምራል። ታማሚው የአፍ ቁስል ነው እየተባለ ወራት ይንከራተታል፤ ቆዳው ውሃ ሲቋጥር ነው ወደኛ የሚላከው። እዚያ የሚፈለገው ዴስሞግሊን 3 የተባለውን ፕሮቲን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ጭስ አይደለም፤ የእሳቱን ቤት ይጠቁማል። በምራቅ ውስጥም ተለክቷል። ጎበዝ ወጣት ቢገፋበት እወዳለሁ።

ሶሪያሲስን ግን ዛሬም የምንለየው በዓይንና በእጅ ነው፤ ሲያጠራጥር ባዮፕሲ፣ ማለትም ለምርመራ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ እንወስዳለን። የብዙ መማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ነጭ ቆዳ ላይ ሮዝ አድርጎ ያሳያችኋል። በእኛ ቆዳ ላይ ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ግራጫ፣ ወደ ጥቁር ቡኒ ይሄዳል። ይህን ዓይን ምራቅ አይተካላችሁም። ምራቁ የሚጠቅመው በኋላ ይመስለኛል፤ በሽታው ስሙ ከታወቀ በኋላ፣ መድኃኒቱ ሠርቷል ወይ ብሎ ያንኑ ሰው ከራሱ ጋር ለማስተያየት።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት መጠይቋን ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ጥያቄ የቆዳው ሕመም ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው የሚል ነበር። እሱን አንድ መስመር ወደ ታች አወረድነው። በላዩ በእጇ ጻፈች፦ «ዛሬ ጥርስዎን በምን አጸዱ? ድድዎ ደምቷል?»