ከአያት እስከ ልጅ ልጅ፦ ስለ ስልክና ብቸኝነት ላነሳችኋቸው ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን ናት። ጥሩ ስማርት ስልክ ላኩላት። ግን በቪዲዮ ስደውል ማንሳት ያቅታታል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ስልኩ ለእሳቸው ታስቦ አልተሠራም። ኖ አይሶሌሽን የተባለ የኖርዌይ ድርጅት ኮምፕ የሚባል ስክሪን ለአረጋውያን ሠርቷል። ያለው አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው። ቤተሰብ ሲደውል ከአጭር ቆጠራ በኋላ ራሱ ያነሳል። ዕቃውን ባትገዢም ሐሳቡን ውሰጂ። ትርፍ አፕ ሁሉ ከፊት ገጹ ይነሳ፤ ሲነኩት የሚደውል የአንቺና የወንድምሽ ፎቶ ብቻ ይቀመጥ። ይህን የጎረቤት ልጅ ይሠራላቸዋል፤ በዚያው ቤታቸው ብቅ የሚል ወጣት ያገኛሉ።

ቋሚ ሰዓትም ቁረጡ። ያንቺ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በናንተ በጋ ለእሳቸው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ኖቬምበር ላይ የናንተ ሰዓት ሲቀየር 11 ይሆናል። ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አለዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ስልኩን ሲያዩ ይቆያሉ።

ጥያቄ፦ ወጣቶችን ከአረጋውያን ጋር የሚያገናኝ አፕ እየሠራን ነው። ከምን እንጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከኮዱ በፊት የሰፈራችሁን እድር አነጋግሩ። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ከቤት መውጣት እንዳቆመ እነሱ ያውቃሉ።

ጽሑፍ አታስገድዱ። 33ቱ ፊደል ከነሰባት ቤቱ 231 ነው፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ያንን በትንሽ ኪቦርድ መልቀም መከራ ነው። ድምፅ ይሁን። ሰዓቱም በኛ አቆጣጠር ይጻፍ። የጠዋቱን ቀጠሮ «9:00» ካላችሁት፣ አዛውንቱ 9 ሰዓት ላይ ነው የሚጠብቁት። ኢንተርኔት ሲጠፋ በተራ ጥሪ መቀጠል ይቻል።

ከሁሉ በላይ ግን አዛውንቱን ተረጂ ብቻ አታድርጓቸው። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ለ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያስረዱ። ድልህ አሳምረው የሚሠሩ እናት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያሳዩ። ሰው የሚፈለግበት ነገር ሲኖር ስልኩን በጉጉት ያነሳል።

ገንዘብ መላኪያ አታስገቡበት፤ አጭበርባሪ ብቸኛ ሰው ላይ ያነጣጥራል። የሚመዘገበው ወጣት ሁሉ ማንነቱ ይጣራ።

ጥያቄ፦ ልጄ አማርኛ አይችልም፤ አያቱ ዕብራይስጥ አይችሉም። መተርጎሚያ አፕ ይበቃል? (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ ለቀጠሮና ለመድኃኒት ይረዳል። ለመቀራረብ ግን አብረው የሚሠሩት ነገር ይሻላል። የድሮ ፎቶ ዘርግተው አያቱ ይተርኩ፣ ልጁ በስልኩ ይቅዳ፣ አንቺ አስተርጉሚ።

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ተማሪ ነኝ። ቴሌግራሜ በሰው ተሞልቷል፤ የልቤን የማጫውተው ግን የለም። ብቸኝነት የሽማግሌ ችግር አይደል እንዴ?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ቪቬክ ሙርቲ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም ሳሉ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ማሳሰቢያ እንደገለጹት፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶች ከጓደኛ ጋር በአካል የሚያሳልፉት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2003 በቀን 150 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ በ2020 ወደ 40 ወርዷል። 2020 የኮሮና ዓመት ቢሆንም ቁልቁለቱ ቀድሞ የጀመረ ነው። ዛሬ ማታ ግሩፑን ተወውና ለአንድ ሰው ብቻ የድምፅ መልእክት ላክ። ቅዳሜ ቡና እንጠጣ በለው።