ፋይል መክፈቻው የማያሳየኝ ፎልደር የት ገባ?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሴቲንጉን የሚያስቀምጥበት ፎልደር አለ፣ እንዳለም ይታወቃል፣ ግን «ክፈት» ወይም «አያይዝ» ስንል በሚመጣው መስኮት፣ ማለትም በፋይል መክፈቻው፣ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለዚህ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። የፎልደሮቹን ስም የምጽፈው በድምፃቸው ነው፤ እናንተ ስትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

ጥያቄ፦ የምጠቀመው ሊኑክስ ነው። ሊብረኦፊስ ላይ ስጽፍ ቀይ የሚያሰምርባቸውን ቃላት ወደ መዝገበ ቃላቱ እየጨመርኩ ብዙ አጠራቅሜያለሁ። ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ልወስዳቸው ፈልጌ ለራሴ በኢሜይል ልልክ ስል፣ ኮንፊግ የሚባለው ፎልደር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ተሰርዞ ይሆን? ወንድማችሁ ነኝ።

መልስ፦ አልተሰረዘም፣ አይዞህ። የፎልደሩ ስም ኮንፊግ ሳይሆን ነጥብ ኮንፊግ ነው፤ ከፊቱ ነጥብ አለ። ሊኑክስ ላይ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ነገር ሁሉ እንደ ድብቅ ይቆጠራል። ልማዱ ከዩኒክስ የመጣ ነው። የፋይል ዝርዝር የሚያወጣው ኤልኤስ የሚባለው ትእዛዝ፣ ያለህበትን ፎልደር የሚወክለውን አንድ ነጥብና ከበላዩ ያለውን የሚወክሉትን ሁለት ነጥቦች እንዳያሳይ ተብሎ በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ ይዘል ነበር፣ ፕሮግራመሮችም ይህን አይተው የሴቲንግ ፋይሎቻቸውን ስም በነጥብ መጀመር ለመዱ። ነጥቡ ቁልፍ አይደለም፣ ማንንም አይከለክልም። ዝርዝሩ እንዳይጣበብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ፋይል መክፈቻው ክፍት እንዳለ ኮንትሮልን ይዘህ ኤች ተጫን። ብዙዎቹ የሊኑክስ ፕሮግራሞች ላይ ድብቆቹ ወዲያው ይወጣሉ፣ ደግመህ ስትጫን ይመለሳሉ። ኬዲኢ የሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ከሆንክ ኦልት ከነጥብ ጋርም ይሠራል። እምቢ ካለህ ዝርዝሩ ውስጥ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርግና ድብቅ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ፈልግ። ፋይል ማኔጀሩ ላይ ድብቆቹን አስወጥተህ መክፈቻው ላይ አሁንም ካልታዩህ አትገረም። መስኮቱን የሚሠራው ጂቲኬ ወይም ኪውት የሚባለው መሣሪያ ነው፣ ፕሮግራሞቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ መሣሪያ አልተሠሩም። አንዱ ላይ ያበራኸው ሌላው ላይ ሁልጊዜ አይበራም።

እኔ ግን ከሁሉ የምመርጠው አድራሻውን መጻፍ ነው። ድብቅ ፎልደር ከዝርዝሩ ተደበቀ እንጂ አድራሻውን ለሚያውቅ ሰው በሩ ክፍት ነው። በጂቲኬ መክፈቻ ላይ ስላሽ (/) ወይም ቲልዴ (~) ስትጫን አድራሻ መጻፊያ ይመጣልሃል። የአንተ መንገድ ይሄ ነው፦ ቲልዴ፣ ስላሽ፣ ነጥብ ኮንፊግ፣ ስላሽ፣ ሊብረኦፊስ፣ ስላሽ፣ 4፣ ስላሽ፣ ዩዘር፣ ስላሽ፣ ዎርድቡክ። ሁሉም በትንሹ ፊደል ነው፤ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ይለያል። «4» የሚለውን አይተህ የድሮ ቨርዥን ትርፍ ነው ብለህ እንዳታጠፋው። የፕሮግራሙ ቁጥር ብዙ ርቆ ሄዷል፣ ፎልደሩ ግን ዛሬም 4 ነው።

እዚያ ውስጥ ስታንዳርድ የሚባል፣ ከነጥቡ በኋላ ዲ አይ ሲ ያለበት ፋይል ታገኛለህ። በተራ የጽሑፍ ኤዲተር ክፈተውና እየው። ከላይ ጥቂት የመግለጫ መስመሮች አሉ፣ ቀጥሎ የሰረዝ መስመር፣ ከዚያ በታች ያጠራቀምካቸው ቃላት በየመስመሩ አንድ አንድ ተደርድረዋል። ያ ሁሉ ድካምህ ያለው እዚህች ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሊብረኦፊስን አንዴ ከፍተህ ዝጋው፣ ፎልደሩን ራሱ ይፈጥረዋል። ከዚያ ፋይሉን በቦታው አስቀምጥ። አዲሱ ላይ ቃል መጨመር ጀምረህ ከሆነ ግን ከላዩ አትጻፍበት፣ ሁለቱንም ክፈትና ቃላቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ኮፒ አድርግ። ይህን ሁሉ ስታደርግ ፕሮግራሙ ዝግ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ነው ያለኝ። በተንደርበርድ የተቀመጠውን የኢሜይል መዝገቤን ወደ ውጭ ዲስክ ኮፒ ማድረግ እፈልጋለሁ። አፕዳታ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው ተባልኩ፣ በስሜ የተሰየመውን ፎልደር ብከፍት እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዕድሜዬ ገፋ ያለ ስለሆነ ቀለል አድርጋችሁ አስረዱኝ።

መልስ፦ ፎልደሩ አለ፣ እርስዎም ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የፈለጉት። ዊንዶውስ እንደ ሊኑክስ በስም አይደብቅም፤ በነጥብ የሚጀምር ስም ለእሱ እንደ ማንኛውም ስም ነው። የሚደብቀው ፎልደሩ ላይ «ድብቅ» የሚል ምልክት ሲኖር ነው፣ አፕዳታ ደግሞ ይህ ምልክት አለበት። የተለመደው ፋይል መክፈቻም የሚከተለው የፋይል ኤክስፕሎረርን ሴቲንግ ስለሆነ እዚያ ያልታየው እዚህም አይታይም። ዊንዶውስ 11 ላይ ቪው፣ ቀጥሎ ሾው፣ ቀጥሎ ሂድን አይተምስ ይበሉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ቪው የሚለውን ሲነኩ ሂድን አይተምስ የሚል ሳጥን ያገኛሉ። የሲስተሙን ጥብቅ ፋይሎች የሚያወጣ ሌላ ምርጫ በኦፕሽንስ ውስጥ አለ። እሱን አይንኩት፣ ለዚህ ሥራ አያስፈልግዎትም።

ከዚህ የሚቀልም አለ። የፋይል ስም በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ የፐርሰንት ምልክት፣ አፕዳታ፣ እንደገና የፐርሰንት ምልክት፣ ያለ ክፍት ቦታ አያይዘው ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። ምንም ሴቲንግ ሳይቀይሩ ይገባሉ። የሚወስድዎት አፕዳታ ውስጥ ወዳለው ሮሚንግ ወደሚባለው ፎልደር ነው። ከጎኑ ሎካልና ሎካልሎው አሉ። ሮሚንግ በድርጅት ኔትወርክ ላይ ተጠቃሚውን ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር እንዲከተለው የታሰበ ነው፣ ሎካል ግን እዚያው ማሽን ላይ ይቀራል። ተንደርበርድ ፕሮፋይሉን፣ ማለትም ኢሜይልዎንና ሴቲንግዎን የያዘውን ፎልደር፣ የሚያስቀምጠው ሮሚንግ ውስጥ ነው፣ ክሮም ደግሞ ሎካል ውስጥ። ሰው አንዱን ከፍቶ ሲያጣው የለም ብሎ የሚተወው ለዚህ ነው።

ግን ለምን እንፈልጋለን፣ ፕሮግራሙን ራሱን እንጠይቀው እንጂ! ተንደርበርድ ላይ ሄልፕ፣ ከዚያ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን ሲሉ ፕሮፋይል ፎልደር የሚል መስመር ይመጣል፣ አጠገቡ መክፈቻ በተን አለው። ይጫኑት፣ ራሱ ይወስድዎታል። ፋየርፎክስም እንዲሁ ያደርጋል። ሊብረኦፊስ በኦፕሽንስ ውስጥ ፓዝስ በሚለው ስር፣ የምስል ማስተካከያው ጊምፕ ደግሞ በፕረፈረንስስ ውስጥ ፎልደርስ በሚለው ስር ቦታቸውን ይነግሩዎታል። የሰው ምክር በቨርዥንም በሲስተምም ሊያረጅ ይችላል፣ ፕሮግራሙ ግን አሁን የሚያነበውን ነው የሚያሳየው። ኮፒ ከማድረግዎ በፊት ተንደርበርድን ይዝጉት፣ የፕሮፋይሉን ፎልደርም ሳይነጣጥሉ ሙሉውን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ማክ ላይ ነኝ። ለጊምፕ ያወረድኩትን ብሩሽ ላይብረሪ ውስጥ አስገቢ ተባልኩ። ላይብረሪን አገኘሁት፣ የጊምፕ ነገር ግን የለበትም። እኅታችሁ።

መልስ፦ ያገኘሽው ሌላኛውን ነው። ዲስኩ ላይ ሁሉም ተጠቃሚ የሚጋራው ላይብረሪ አለ፣ እሱ በግልጽ ይታያል። የአንቺው ላይብረሪ ሆም ፎልደርሽ፣ ማለትም በስምሽ የተሰየመው ፎልደር፣ ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ በ2011 ከወጣው ላየን ከሚባለው የማክ ቨርዥን ጀምሮ ተደብቋል። መክፈቻው ላይ ኮማንድ፣ ሺፍትና ነጥብን አንድ ላይ ተጫኚ፣ ድብቆቹ ፈዘዝ ብለው ይወጣሉ። ወይም ኮማንድ፣ ሺፍትና ጂ በይና አድራሻውን ጻፊ፦ ቲልዴ፣ ስላሽ፣ ላይብረሪ። ከዚያ አፕሊኬሽን ሰፖርት ውስጥ ጊምፕን ታገኛለሽ፣ በውስጡም የቨርዥኑ ቁጥር ያለበት ፎልደር፣ በእሱም ውስጥ ብራሽስ አለ። ፋይንደር በሚባለው የማክ ፋይል ማኔጀር ላይ የከፈትሽውን ፎልደር ጎትተሽ መክፈቻው መስኮት ላይ ብትጥዪውም መክፈቻው ወደዚያው ይሄዳል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ጥያቄ፦ ድብቆቹን አሳየሁ፣ ፎልደሩ ውስጥም ገባሁ፣ ግን ባዶ ነው። በሌላ መንገድ ስከፍተው ፋይሎች አሉት።

መልስ፦ ከመክፈቻው ግርጌ የፋይል ዓይነት የሚመረጥበትን ቦታ ይመልከቱ። እዚያ «ምስሎች» ወይም «ሰነዶች» የሚል ከተመረጠ ሌላው ሁሉ ይሰወራል። የሴቲንግ ፋይሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ መጨረሻቸው ላይ የዓይነት መለያ የላቸውም። ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ ዋና የሴቲንግ ፋይሉ ስሙ ቪኤልሲአርሲ ብቻ ነው፣ ነጥብም የለው። «ሁሉም ፋይሎች» የሚለውን ይምረጡ። የተከፈተው ፎልደር ብቻ መምረጫ መስኮት ከሆነ ግን ፋይል ላያሳይ ይችላል፣ ያ ጤነኛ ነው።

ጥያቄ፦ የሊብረኦፊስን የሴቲንግ ፋይል ነጥብ ኮንፊግ ውስጥ አገኘሁትና አስተካከልኩት። ፕሮግራሙ ግን ምንም አልሰማ አለ። ደጋግሜ ከፈትኩ ዘጋሁ፣ ያው ነው።

መልስ፦ ፕሮግራሙ ያንን ፋይል እያነበበ ላይሆን ይችላል። ይሄ ከመደበቁም በላይ ሰው የሚያደክም ነገር ነው፣ ምክንያቱም ያገኙ ይመስልዎታል። ፍላትፓክና ስናፕ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራምን ከሌላው ለይተው የሚጭኑ መንገዶች ናቸው። ሊብረኦፊስ ከፍላትፓክ የተጫነ ከሆነ ሴቲንጉ ሆም ውስጥ ነጥብ ቫር፣ ከዚያ አፕ፣ ከዚያ በፕሮግራሙ ረጅም ስም በተሰየመው ፎልደር ስር ነው። ከስናፕ ከሆነ ደግሞ ሆም ውስጥ ስናፕ የሚባል ፎልደር ስር፤ እሱ ነጥብ ስለሌለው ይታያል። ቀድሞ በተለመደው መንገድ ተጭኖ፣ በኋላ በፍላትፓክ የተተካ ከሆነ አሮጌው ፎልደር እንዳለ ይቀራል፣ እርስዎም እሱን ሲያስተካክሉ ይውላሉ።

የትኛው ሕያው እንደሆነ መለየት ቀላል ነው። ፕሮግራሙን ይክፈቱ፣ ከሜኑው አንድ ሴቲንግ ይቀይሩ፣ ለምሳሌ የአይከን መጠን፣ ከዚያ ይዝጉት። አሁን በሁለቱም ቦታ ያሉትን ፋይሎች የተቀየሩበትን ሰዓት ያነጻጽሩ። የአሁኑን ሰዓት የያዘው ነው የሚሠራው። ሌላም ልጨምር፦ ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ፋይሉን ካስተካከሉ፣ ሲዘጋ የራሱን ጽፎበት የእርስዎን ሊያጠፋው ይችላል። መጀመሪያ ይዝጉ፣ ኮፒ ያስቀሩ፣ ከዚያ ያስተካክሉ።

በነገራችን ላይ ስናፕ ላይ ያለ ብሮውዘር ሆም ውስጥ በነጥብ የሚጀምሩትን ፎልደሮች እንዳያነብ ይከለከላል። ድብቁን ፋይል መርጠው አልጫንም ካለ ፋይሉን ወደ ተራ ፎልደር ኮፒ አድርገው ከዚያ ይጫኑ።

ጥያቄ፦ ሆም ፎልደሬን ከፍቼ ሁሉንም ምረጥ ብዬ ወደ ውጭ ዲስክ ኮፒ አደረግሁ። አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ስመልሰው ሰነዶቼ አሉ፣ የብሮውዘሬ ቡክማርክ ግን የለም።

መልስ፦ ሁሉንም ምረጥ ሲባል የሚመረጠው የሚታየው ብቻ ነው። ድብቆቹ ካልወጡ አይመረጡም፣ ኮፒም አይደረጉም፣ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። አሮጌው ኮምፒዩተር ገና ካልጸዳ ቡክማርክዎ እዚያው ነው፣ አይቸኩሉ። ድብቆቹን አውጥተው እንደገና ይምረጡ፣ ወይም አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥተው ሆም ፎልደሩን ራሱን እንዳለ ኮፒ ያድርጉ፤ ያኔ ውስጡ ያለው ሁሉ፣ የተደበቀውም ጭምር፣ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ውጭ ዲስኩን ሲከፍቱም ድብቆቹን ማውጣት እንዳይረሱ፣ አለዚያ አሁንም የሌሉ ይመስላሉ።

ጥያቄ፦ ፋየርፎክስ አስቸግሮኝ ኢንተርኔት ላይ የሚረዳኝ ሰው አገኘሁ። ፕሮፋይል ፎልደርህን ዚፕ አድርገህ ላክልኝ አለኝ። ልላክ?

መልስ፦ አትላክ። ሰውየው ቀና ሊሆን ይችላል፣ ፎልደሩ ግን ለማንም የሚሰጥ አይደለም። ውስጡ ሎጊንስ የሚባል ፋይልና ኪይ4 የሚባል ፋይል አሉ። መጀመሪያው ያስቀመጥካቸውን ፓስወርዶች በምስጢር ተጽፈው የያዘ ነው፣ ሁለተኛው የመፍቻው ቁልፍ ነው። ዋና ፓስወርድ ካላበጀህለት ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘ ሰው ፓስወርዶችህን በሙሉ ያነባል። በገባህባቸው ሳይቶች ገብተህ የምትቆይባቸው ኩኪዎችም እዚያው ናቸው። ችግሩን ለማየት የሚያስፈልገው የትኛው ፋይል እንደሆነ በስሙ ጠይቀው፣ ያንን ብቻ ከፍተህ አንብበህ ላክ። ነጥብ ኤስኤስኤች የሚባለው ፎልደርም እንደዚሁ ነው፣ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በርቀት የምትገናኝበት የግል ቁልፍህ አለበት። ዚፑን ልከኸው ከነበረ ደግሞ ከኢሜይልህ ጀምረህ ፓስወርዶችህን ዛሬውኑ ቀይር፣ ከሁሉም ዲቫይስ ውጣ የሚል ምርጫ ባለበት ሳይት ሁሉ እሱንም ተጫን።